የእሑድ ከሰዓት የፊልም ችሎት

ባለፈው ሳምንት ልጆቼ በስልክ ቡድናችን ላይ ስለ አንድ ፊልም ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ወንዱ ሐዋሳ ነው፣ ታላቋ አዲስ አበባ ናት፣ የመጨረሻዋ ህሊና ደግሞ ከእኔ ጋር እዚሁ ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። ሦስቱም ፊልሙን በየቤታቸው ተጋድመው አይተውታል። ወንዱ «ሰዓቴን በላው» ብሎ ጻፈ። ታላቋ የምታለቅስ ትንሽ ፊት ላከች። ህሊና «መጨረሻው አናደደኝ» አለች። በቃ፣ ፍርዱ አለቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «እማዬ፣ አንቺስ? አስተያየትሽን ወዲህ በይ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ግን እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አይደለም። እኔ ፊልም ተቀምጬ ማየት አይሆንልኝም። እነሳለሁ፣ መጋረጃ አስተካክላለሁ፣ ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ወጥ ቤት እገባለሁ፣ ተመልሼ በሩን ተደግፌ አያለሁ። ህሊና «እማዬ፣ እሾህ አለው እንዴ ሶፋው?» እያለች ትቀልድብኛለች። ደግሞ በአንድ መስመር መፍረድ አላውቅበትም። እኔ ባደግኩበት ቤት ፊልም የሚፈረድበት በሥርዓት፣ ምክንያት ተቆጥሮ፣ ተራ ተጠብቆ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁና አረም የሌለበትን ጎመን ሳርም ቆየሁ።

አባቴ አቶ ታከለ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አናጢ ነበሩ። በሰፈሩ የሚታወቁት ግን ከበርና መስኮታቸው ይልቅ በሽምግልናቸው ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲጣላ፣ «እስቲ ጋሽ ታከለ ዘንድ እንሂድ» ይባላል። እሳቸውም ጣውላ እየላጉ ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ከድሮ ዳኞች የወረሱት ነው ብለው የያዙት ደንብ ነበራቸው፤ ፍርድ የሚጀምረው ከታናሽ ነው። ታላቅ ቀድሞ ከተናገረ ታናሽ ይፈራና እሱን ይከተላል፣ የልቡን ሳናውቅ እንቀራለን ይሉ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት ነበር። አንድ የፋሲካ ሰሞን ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ከተበላ በኋላ ካሴት ተከራይቶ ያመጣል፤ አብዛኛው የህንድ ነው። ከእኛ ውስጥ ቋንቋውን የሚሰማ አንድም ሰው የለም። አባቴ ግን «ቋንቋው ባይገባን ጉዳዩ ይገባናል» ይላሉ። ፊልሙ እንዳለቀ ጌታነህ ዴኩን ያጠፋል፣ እናቴ የሚቀመስ ነገር ታመጣለች፣ አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው «በሉ፣ ጥፋተኛው ማነው?» ብለው ችሎቱን ይሰይማሉ። ታናሽ እኔ ነኝና የመጀመሪያው ቃል የእኔ ነው። ቀጥሎ ጌታነህ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ እትዬ ሙሉ፣ መጨረሻ ላይ አባቴ ያሳርጉታል። ሰው ሲናገር አፍ መንጠቅ የለም። «ደስ አለኝ»፣ «አስጠላኝ» ብሎ ነገርም አያዋጣም፤ «ለምን?» ይሉሃል።

እትዬ ሙሉ የግቢ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ላይ ጤፍ የሚሸጡ፣ ሳቃቸው ከአጥር ማዶ የሚሰማ ሴት። አንድም እሑድ አይቀሩም። ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብዙ ላለቀሰው ይፈርዳሉ። ነፍሰ ገዳይ እንኳ ቢሆን መጨረሻ ላይ ፊቱን ሸፍኖ ካነባ «ተዉት እባካችሁ፣ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ክፉ አይደለም» ብለው በነጻ ይለቁታል። እኛ እንስቃለን፣ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው እሑድም ያንኑ ይደግሙታል።

አባቴ በቀልድ የማይለቁት ሌላም ነገር ነበር። አንድ ሾፌር ሰው ገጭቶ ያመለጠበትን ፊልም ባየን ጊዜ ጌታነህ ለሾፌሩ ጥብቅና ሊቆም ጉሮሮውን ጠረገ። አባቴ ግን እጃቸውን አንስተው «አንተ የመኪና ሰው ነህ። ባለጉዳይ አይፈርድም፤ ውረድ» አሉት። ጌታነህ ሳምንቱን አኩርፎ ከረመ።

እንዲህ በሳቅ የምንፈርድበት ቤት ነበር፤ ያ ክረምት እስኪመጣ ድረስ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጅማ ኮሌጅ ደርሶኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ከቁይ ከተማ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ አስተማሪ ነው፤ በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አይቶኛል መሰለኝ፣ እኔ ግን ልብ አላልኩትም። «ጨዋ ነው»፣ «የሰው ልጅ ነው»፣ «ባለ ሥራ ነው» እየተባለ በቤታችን ይወራል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሰውየው አንዳች ነውር አልነበረበትም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ «እስቲ እንምከርበት» ብለው ይመልሷቸዋል። እንደገና ሲመጡ እንደገና «እስቲ እንምከርበት»። ከማን ጋር እንደሚመክሩ ግን አላየሁም።

እኔን የጠየቀኝ የለም። በቤታችን ልጅ ስለ ጅማ ብትናገር ድፍረት ነው፤ ስለ ባል ብትናገርማ አይወራም። እናቴን ወጥ ቤት ውስጥ «እናና፣ አባባ ምን አሰቡ?» ብላት «እኔ ምን አውቄ» ትልና ምጣድ የሌለበትን ምድጃ ታራግባለች። የኮሌጁ መግቢያ እየቀረበ ነው፤ ሻንጣ እንኳ አልተገዛልኝም። ለሠርግም የተዘጋጀ ነገር የለም። በሁለት ነገር መሀል ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

መቀመጥ ያቃተኝ ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ተነስቼ ያለ ምክንያት እስከ መናኸሪያው እሄዳለሁ። ያ የክረምት ጭቃ ጫማ ነክሶ ያስቀራል። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሲወጣ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ፣ ጭሱን በፊቴ ላይ ለቆ ቁልቁል ሲወርድ አያለሁ። መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ አንድ እገዛና እየበላሁ እመለሳለሁ። ቤት ስደርስ «የት ነበርሽ?» እባላለሁ። «በቆሎ ልገዛ» እላለሁ። ከሰዓት ደግሞ በጨሞጋ ወንዝ በኩል ወርጄ እመለሳለሁ። ሌሊቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ እኔም አብሬው ስገላበጥ አድራለሁ። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር «ተነሺ፣ ተነሺ» ይለኛል፤ ተነስቼ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም። በአባቴ ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ተናድጄ ነበር። የሰውን ሁሉ ጉዳይ የሚቆርጡ ሰው የእኔን ለምን ያንጠለጥሉታል?

ሽማግሌዎቹ የመጨረሻውን ምላሽ ሊሰሙ በሚመጡበት እሑድ ጌታነህ እንደ ወትሮው ካሴት ይዞ መጣ። ሆን ብሎ የመረጠው ይሁን በአጋጣሚ እስካሁን ብጠይቀው አይነግረኝም። ፊልሙ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊና ስለ አንዲት ልጁ ነው። እናት የላትም። አባትየው ሰው ከወንዝ ወዲያ ወዲህ እያሻገረ አሳድጓታል። ልጅቱ ከተማ ሄጄ ልማር ትላለች። አባትየው አይከለክላትም፤ ራሱ ቀዝፎ ያሻግራታል። ከተማ ሳለች ይታመማል፤ ሳትደርስለት ይሞታል። ተመልሳ ስትመጣ የመንደሩ ሰው ጀርባውን ይሰጣታል።

ሽማግሌዎቹ ገና ፊልሙ መሀል ላይ ሳለ ደረሱ። ቀድመው የመጡት መንገዱ በጭቃ ሳይያዝ ቁይ ለመመለስ አስበው ነው። ሁለት ናቸው፤ ተናጋሪው የልጁ አጎት አቶ ቢያድግልኝ ናቸው፤ ረጅም፣ ሪዛም፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው። ካቦርታቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሳን።

«ኖር፣ ኖር! ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ አባቴ።

«በእግዜር፣ አንቀመጥም» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ ዱላቸውን ተክለው። «ልጅ ጠያቂ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። ምላሻችሁ ያስቀምጠን።»

ሥርዓቱ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳይሰማ ወንበር አይነካም። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዳላችሁ ይሁን። የጀመርነው ፊልም አለ፤ እሱ ይለቅና እንነጋገራለን» አሉ። ያኔ ጊዜ እየገዙ እንደሆነ አልገባኝም፤ የፊልም ፍቅራቸው ይሉኝታ ያሳጣቸው መስሎኝ አፈርኩ።

ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ጎን አድርገው ነው፣ ለይምሰል። ቀዛፊው ሲያስል አቶ ቢያድግልኝ «ምን ሆነ ይሄ ሰው?» ብለው ጠየቁ። ጌታነህ «ታሟል» አላቸው። ልጅቱ ከተማ ውስጥ ደብተሯን ታቅፋ ስትስቅ «እሷ አልሰማችም?» አሉ። «አልሰማችም።» «ውይ!» አሉና አንድ እርምጃ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡ። ቀዛፊው ጀልባው ላይ እንደተጋደመ እጁ ሲወድቅ እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሁለቱም ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል! መቼ እንደተቀመጡ እነሱም አያውቁትም። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ወትፈው ሳቃቸውን ያፍናሉ፤ ከሳቁ ጋር ለቀዛፊው እንባቸው ይወርዳል።

ፊልሙ አለቀ። እናቴ ትኩስ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ አቀረበች። አቶ ቢያድግልኝ ድንቹን ተቀብለው መላጥ ከጀመሩ በኋላ ነው የተቀመጡበትን ያዩት፤ ሊነሱ ቃጡና ትኩስ ድንች በእጃቸው ሆኖ ቀሩ። አባቴ እንዳላዩ ሆነው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንግዶቻችን፣ በዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ» አሉ። «ፊልም ካየን እንፈርዳለን። በሉ፣ ልጅቱ ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም? ታናሽ ይቅደም።»

ታናሽ እኔ ነኝ። ስሜ ሳይጠራ ብድግ አልኩ። ሳምንታት ያመቅኩት ሁሉ ገነፈለ። «ጥፋተኛ አይደለችም!» አልኩ። ድምፄ ከቆርቆሮው ዝናብ በላይ ወጣ። «መማር ጥፋት ነው እንዴ? አባትየው ራሱ አይደል ያሻገራት? እሷ እንዲታመም...»

«ይታይሽ» ብለው አባቴ በስሜ ጠርተው አቋረጡኝ።

«አንቺ በዚህ ጉዳይ አትፈርጂም።»

«ለምን አባባ?»

«ባለጉዳይ ነሽ።»

ፊቴ ነደደ። በእንግዳ ፊት አፌን ያዘጉኝ፣ በቃ ቁይ የሸኙኝ መሰለኝ። ወደ በሩ አየሁ፤ ወጥቼ በዚያ ዝናብ እስከ መናኸሪያ ልሮጥ አሰብኩ። አባቴ ግን አልጨረሱም ነበር።

«ባለጉዳይ አይፈርድም፤ ባለጉዳይ ይናገራል» አሉ። «ሳይሰሙት የሚፈረድበት ሰው በዚህ ቤት የለም። የፊልሟን ልጅ ተያት። የራስሽን ተናገሪ። እንግዶቹም ይስሙሽ፣ እኔም ልስማሽ።»

ለካ ስትጠይቀው የኖርከው ነገር ሲሰጥህ መቀበያ እጅ ይጠፋል። እናቴ ድንቹን ትታ መሬት መሬት ታያለች።

«ጅማ መሄድ እፈልጋለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «የቁዩን ሰው አልጠላሁትም፤ አላውቀውም። ክፉ አልሰማሁበትም። ግን አሁን ብዳር ልቤ መንገድ ላይ ነው። ከእሱም ቤት ተነስቼ አውቶቡስ ሳይ ነው የምውለው። ለእሱም ግፍ ነው።» እዚህ ላይ መቆም ይገባኝ ነበር፤ ግን አላቆምኩም። «ስሄድ አባባ ቢታመሙስ ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ ደግሞ ይሄን አይቼ የበለጠ ፈራሁ። ቢሆንም መሄድ እፈልጋለሁ።»

አቶ ቢያድግልኝ ድንቹን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። «እሺ፣ ልጅቱን ሰማን» አሉ በዚያ በሚያምረው ድምፃቸው። «ፍርዱን ከእርስዎ እንስማ፣ አቶ ታከለ።»

ሁላችንም አባቴን አየን። የሰፈሩን ሁሉ ሙግት የቆረጡት ሰው አልቸኮሉም። ከዚያ ተነሱና ወደ ዴኩ ሄዱ። ዴኩን ነክተውት አያውቁም፤ የጌታነህ ሥራ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተውን አጎነበሱና ካሴቱን ለማውጣት አንዱን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ሌላውን ይጫናሉ።

«እኔም ባለጉዳይ ነኝ» አሉ ሳይዞሩ። «መፍረድ አልችልም። እናቷም፣ ወንድሟም፣ እናንተም ባለጉዳይ ናችሁ። ከዚህ ቤት ከጉዳዩ ነጻ የሆነች ሙሉ ብቻ ናት። እሷ ትፍረድ።»

እትዬ ሙሉ! ጌታነህ ሊስቅ ከጅሎት ተወው። እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔን አዩኝ። ከዚያ የአባቴን ጀርባ አዩ፤ ብዙ ቆዩ።

«ላለቀሰ ነው የምትፈርጂ ትሉኛላችሁ» አሉ። «እውነታችሁን ነው። ዛሬም ያለቀሰውን አይቸዋለሁ። ዛሬ ግን ለሱ አልፈርድም፤ ለሌላይቱ ነው የምፈርድ። ትሂድ። ትማር።»

እኔ አላለቀስኩም፤ ዓይኔ ደረቅ ነበር። የፊልሙን ቀዛፊ ወይም እናቴን የሚሉ መስሎኝ አለፍኩት። «ትሂድ» የሚለው ቃል ከሰማሁት በኋላ ሌላውን ቃል ሁሉ ከጆሮዬ አስወጣው። ጮቤ መርገጥ ነበር የቀረኝ።

አቶ ቢያድግልኝ ሪዛቸውን አሻሹ። «እንግዲህ ምን እንላለን» አሉ። «ቆመን ብንሆን እንከራከር ነበር። ሳንጠየቅ ተቀምጠን፣ ድንች በልተን፣ ለቀዛፊው አልቅሰን፣ አሁን በምን አፋችን?» አባቴ ዞሩና ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ። ጠላ ተቀዳ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሽማግሌዎቹ ተመርቀውና መርቀው ሄዱ። አስተማሪው በዓመቱ የደብረ ወርቅ ልጅ አገባ፤ መልካም ትዳር ሆነለት ሲሉ ሰምቻለሁ።

እኔም ጅማ ሄድኩ። አባቴ ሻንጣዬን ራሳቸው ከጣውላ ሠሩልኝ፤ የሚያስቅ ሻንጣ ነበር፣ ከእኔ የሚከብድ። መናኸሪያው ላይ «በይ ግቢ፣ ወንበር ይያዝብሻል» ብለው አጣደፉኝ። ሳልስማቸው አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ወደ ኋላ የሚያይ አንገት አልነበረኝም። ለብዙ ዓመት ይህን ነገር ለሰው ሳጫውት የማጫውተው እንደ ድል ነው። ሕግ አዋቂው አባቴ በራሳቸው ሕግ ተይዘው ከፍርድ ወንበር ወረዱ እያልኩ አስቃለሁ። ልጆቼም የሚያውቁት እንደዚያ ነው።

ያ የስልኩ ጭቅጭቅ ዕለት ጓሮ ጎመኑን ሳርም ህሊና ተከትላኝ ወጣች። ስልኳን ይዛለች። ጅግጅጋ ሥራ አግኝታለች፤ መሄድ አለመሄዷን እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለዋታል። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር አላነሳንም፤ ስለ ፊልም እናወራለን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን። እኔ ሌሊት እየተነሳሁ በር መዘጋቱን አያለሁ፤ ተዘግቷል፣ እንደገና አያለሁ።

«እሺ ፊልሙን ተይው» አለችኝ። «ጅግጅጋውስ? ልሂድ ወይስ ልቅር? ሁሉም አስተያየት ሰጥቷል፤ አንቺ ብቻ ነሽ ዝም ያልሽው።»

ቀና ልበል አልኩና አልቻልኩም። እትዬ ሙሉ ያን እሑድ ማንን ሲያለቅስ እንዳዩት፣ አባቴ የማያውቁትን የዴክ ቁልፍ ለምን ሲጫኑ እንደቆዩ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ጎመን ላይ አጎንብሼ ገባኝ። እንድቀርላቸው ፈልገው ነበር። «ባለጉዳይ ነኝ» የዳኛ ቃል ይምሰል እንጂ፣ ያሉት «አትሂጂብኝ» ማለት ስላልቻሉ ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት «ትሂድ»ን ብቻ ነው።

«እኔን አትጠይቂኝ» አልኳት፣ አፈሩን እያየሁ። «ባለጉዳይ ነኝ።»

ህሊና ከት ብላ ሳቀች። «ውይ እማዬ፣ የአያቴን ሕግ ደግሞ አመጣሽው!» አለችና እየሳቀች ለእህትና ለወንድሟ ልትጽፍላቸው ወደ ቤት ገባች።